ሁለተኛ አፍ መፍታት

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ተረት። እህል በጎተራ ሲከርም ይነቅዛል፤ ያልተነገረ ቃል ግን ቢያድር ቢሰነብት የሚበላው ነቀዝ የለም ለማለት ነው። በሸንጎም ሆነ በጎረቤት መካከል ምላስን ለመግታት የተነገረ መልካም ምክር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክር የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የባዕድ ቋንቋ ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ሳይነገር የተቀመጠ ቃል በእርግጥ ይነቅዛል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ስለሚነቅዘው ዝምታና ስለ መድኃኒቱ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁልጊዜ የበላይ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ የተለመደው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንም ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ ወደ አገራችን በመምጣታቸው ቋንቋው በየክፍለ ሀገሩ ይበልጥ ተሰማ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ፣ ስምንት ዓመት እንደ አንድ ትምህርት የተማራችሁት ቋንቋ በድንገት የትምህርት ሁሉ በር ይሆናል። ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም በዚያው በር ይገባል።

በዚህ በር ደጃፍ ቆመው የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው። በፈተና ወረቀት ላይ የኃላፊ ጊዜ ግሥን በባዶ ቦታው አስተካክሎ የሚሞላ ተማሪ፣ መንገድ ላይ አንድ እንግዳ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ብሎ ስሙን ቢጠይቀው ዐይኑን ወደ ጫማው ይመልሳል። ስሙን አጥቶት አይደለም። የሚያውቀው በእጁ ላይ እንጂ በአፉ ላይ ስለሌለ ነው።

ደሴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ስማር ከኩታበር ገጠር የመጣ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁ በየሳምንቱ እየተላከለት የሚማር ልጅ ነበረ። ስለ ዕፀዋት ምግብ አሠራር በአማርኛ ቢጠይቁት፣ የአባቱን ማሳ እየጠቀሰ እንደ አዋቂ ያስረዳል፤ ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ አንድ ረጅም ማብራሪያ ሰጥተው ሲጨርሱ ይህ ልጅ እጁን አወጣ። ተነሥቶም «ፕሊዝ፣ ሴይ ኢት አጌን» አለ፤ እባክዎ ይድገሙት ማለቱ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ማብራሪያውን ቀስ ብለው ደገሙት፤ ዋና ዋና ቃላቱንም በሰሌዳው ላይ ጻፉ። ያን ጊዜ ሲስቁ የነበሩት ሁሉ አጎንብሰው መጻፍ ጀመሩ። ለካ ያልገባው እርሱ ብቻ አልነበረም! አራት ቃላት ብቻ የደፈረ አንድ ተማሪ፣ ለሃምሳ ተማሪዎች በሩን ከፈተላቸው።

እንግዲህ የዝምታችን ምክንያት የቃል እጥረት ሳይሆን የጓደኛ ሳቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለመሆኑ ቋንቋ ያለ ስሕተት የተማረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃን አፉን ሲፈታ «ውሃ» ማለት አቅቶት «ቡአ» ቢል፣ እናቱ በደስታ ስማ ውሃውን ትሰጠዋለች እንጂ ሰዋስው አስተካክል አትለውም። ባዕድ ቋንቋ መማር ሁለተኛ አፍ መፍታት ነው። የመጀመሪያው የተሳካው ሳናፍር ስለ ተሳሳትን መሆኑን አንርሳ።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ባቲን ታገኛላችሁ። የባቲ የሰኞ ገበያ የታወቀ ነው። ከቆላው አፋሮች፣ ከአካባቢው ኦሮሞዎች፣ ከደጋው አማሮች ይገናኙበታል። በዚያ ገበያ እህል ወይም ፍየል የሚሸጥ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ሲያቀላጥፍ ብትሰሙ አትደነቁ። ይህ ሰው የሰዋስው መጽሐፍ አልገለጠም። በመጀመሪያ የተማረው ሰላምታ ነው፤ ቀጥሎ ቁጥር፤ ቀጥሎ «ስንት ነው?»፣ «ተወደደ»፣ «ቀንስልኝ» የሚሉትን ነው። ሲሳሳት ይታረማል፤ ይሣቅበታልም፤ ነገር ግን ገበያው አይጠብቀውምና ይናገራል። ወሎዬ ተማሪ ሆይ፣ የቋንቋ ትምህርት ዘዴ ከወላጆችህ ዘንድ አለ ማለት ነው።

የወገኖቻችን ሌላም ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከው ነበር። የዚያች ደሴት ቋንቋ እስፓኝኛ ነው። እነዚያ ልጆች ምግብ መጠየቅ፣ ሕመማቸውን መናገር፣ ከባልንጀራ ጋር ኳስ መጫወት ነበረባቸው። ስለዚህ እስፓኝኛን ኖሩበት። አስፈላጊነት ከሁሉ የበለጠ መምህር ነውና።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ጀማሪ ከየት ይጀምር? በእኔ አስተያየት በአምስት ቁልፍ ዐረፍተ ነገሮች ይጀምር። የመጀመሪያው «ማይ ኔም ኢዝ» ብሎ ስምን መናገር ነው። ሁለተኛው «አይ ከም ፍሮም ደሴ» ወይም «ፍሮም ኮምቦልቻ» ብሎ አገርን ማስታወቅ ነው። ሦስተኛው «ዋት ዱ ዩ ኮል ዚስ?» የሚለው ነው፤ ይህን ምን ትሉታላችሁ እንደ ማለት ነው። አራተኛው የኩታበሩ ጓደኛዬ የተናገረው «ፕሊዝ፣ ሴይ ኢት አጌን» ነው። አምስተኛው «ታንክ ዩ» የሚለው ምስጋና ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ከሁሉ የከበሩ ናቸው፤ ሌላውን ቃል ሁሉ ለቅመው የሚያመጡ እነርሱ ናቸውና።

ሰላምታን በሚመለከት ልዩነቱን ማወቅ ይገባል። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው እንጠያየቃለን። እንግሊዛዊ ግን «ሐው አር ዩ?» ብሎ «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ከተባለ ይበቃዋል። ይህ አለመዋደድ አይደለም፤ የቋንቋው ልማድ ነው። እንደዚሁም እኛ «አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እናንተ» የምንለውን እንግሊዝኛ በአንዲት «ዩ» ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለመምህራችሁ «ዩ» ስትሉ «አንተ» ያላችሁ ይመስላችሁና ምላሳችሁ ይታሰራል። እስፓኝኛ ተናጋሪዎችም «ቱ» እና «ኡስቴድ» እያሉ አንተንና አንቱን ስለሚለዩ እንግሊዝኛ ሲጀምሩ ይኸው ያጋጥማቸዋል። በእንግሊዝኛ አክብሮት የሚገለጸው በተውላጠ ስም ሳይሆን «ፕሊዝ» በሚለው ቃልና በድምፅ ለዛ ነው።

ወደ ዐረፍተ ነገር አሠራር ስንመጣ «አበበ በሶ በላ» የሚለውን የሰዋስው ዐረፍተ ነገር እናስታውስ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እንግሊዝኛ ግን «አበበ በላ በሶ» በሚል ቅደም ተከተል ይሄዳል። በተጨማሪም እኛ «ሄድሁ» ስንል ባለቤቱ በግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ «አይ» የሚለውን ባለቤት ለብቻው ካልጠራ ዐረፍተ ነገሩ አይቆምም።

በድምፅም በኩል ልዩነት አለ። በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ «እስካሁን አልደረሰም» ማለት ሲሆን፣ «ና» ስትጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። እኛ ተነባቢን በማጥበቅ ትርጉም እንለያለን። እንግሊዝኛ ደግሞ በአናባቢው ይለያል፤ «ሺፕ» የሚለው ባጭሩ ሲነገር መርከብ፣ ረዘም ብሎ ሲነገር በግ ነው። እንዲሁም እኛ ሁለት ተነባቢዎች በቃል መነሻ ተከታትለው ሲመጡ ስለሚከብዱን «እስኩል»፣ «እስፖርት» እያልን «እ»ን እናስቀድማለን። በዚህ አትፈሩ። ትምህርት ቤትን «እስኩዌላ» የሚሉት እስፓኝኛ ተናጋሪዎችም እንግሊዝኛ ሲማሩ ከፊት አንድ አናባቢ ይጨምራሉ። ጉድለት ሳይሆን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማኅተም ነው፤ በልምምድ ይለዝባል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የምታውቁ፣ ሾፌሩና ረዳቱ ሲነጋገሩ ልብ በሉ። «ፍሬን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ጎማ» ይላሉ። እነዚህ ቃላት የእንግሊዝኛ ሳይሆኑ የጣሊያንኛ ናቸው። እንግዲህ የባዕድ ቃል ለምላሳችን አዲስ አይደለም። ሆኖም ዘመድ የሚመስል ቃል ሊያሳስት ይችላል። ለምሳሌ ያህል እኛ ከጣሊያንኛ ወስደን «ፋብሪካ» የምንለውን እንግሊዝኛ «ፋክተሪ» ይለዋል። «ፋብሪክ» ማለት በእንግሊዝኛ ጨርቅ ነው። የኮምቦልቻን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስቡ፤ ቤቱ «ፋክተሪ» ነው፤ ከቤቱ ተሠርቶ የሚወጣው «ፋብሪክ» ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያስተዋለ ተማሪ ሁለቱን ቃላት ዳግመኛ አያምታታም። ቃል የሚያዘው እንዲህ በዐይን ከሚታይ ነገር ጋር ሲታሰር ነው እንጂ በዝርዝር ሲሸመደድ አይደለም።

«እንግሊዝኛን ስንለምድ አማርኛችን ይበላሽብን ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሚያበላሸው መማር ሳይሆን መደባለቅ ነው። «ክላስ ሚስ አደረግሁ» የሚል ሰው ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሁለቱንም በግማሽ ይዟል። ይህን ዓይነቱን አነጋገር አባቶቻችን ጉራማይሌ ይሉታል። በአንጻሩ ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራግኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ዳኛቸው ወርቁ በአማርኛ «አደፍርስ»ን ደርሰው በእንግሊዝኛም ልብ ወለድ አሳትመዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ በእንግሊዝኛም ተውኔት ጽፈዋል። አንዱ ቋንቋ ሌላውን አላባረረባቸውም፤ እያንዳንዱ በየመቀመጫው ተከብሮ ስለ ኖረ ሁሉም ለመለመ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። አንድ ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። በየቀኑ አምስት ቃላት ብቻ ጻፉ፤ እያንዳንዱን ቃል ስለ ራሳችሁ ሕይወት በሚናገር ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩት። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትመለሱ ከአንድ ባልንጀራችሁ ጋር የመንገዱን እኩሌታ በእንግሊዝኛ፣ እኩሌታውን በጠራ አማርኛ ተጫወቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ በክፍላችሁ ውስጥ አንድ ሕግ አውጡ፦ ለመናገር በደፈረ ላይ የሚስቅ አይኑር። ይህ ሕግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጽሐፍም አይፈልግም፤ ነገር ግን ከኋላ ወንበር ጥያቄያቸውን ይዘው የሚመለሱትን፣ በተለይም ዐይን አፋር እኅቶቻችሁን፣ ወደ ትምህርቱ በር ያስገባል።

ለክፉ ነገር ዝም በሉ፤ በዚያ ላይ ተረቱ እውነቱን ነው። የተማራችሁትን ቃል ግን ነገ ጧት አውጥታችሁ ፀሐይ አሙቁት።

መልመጃ

1. ጸሐፊው «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የተቀበሉት በምን ላይ ነው? ያልተቀበሉትስ በምን ላይ ነው?
2. የባቲ ነጋዴ ቋንቋ የሚማርበትን ቅደም ተከተል በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ፦ ጎተራ፣ ስንቅ፣ ጉራማይሌ፣ ጠመዝማዛ።
4. በአካባቢያችሁ የሚነገሩ ከሌላ ቋንቋ የተወሰዱ አምስት ቃላትን ፈልጋችሁ ስለ አገልግሎታቸው አንድ አንቀጽ ጻፉ።