ሞቃት ዊንተር፣ ብርቱ ነፋስ

የዊንተሩ ትንበያ «ከወትሮው ሞቅ ያለ፣ ነፋሻማ» ሲል ዴንቨርና አውሮራ ያለው ሐበሻ ደስ ይለዋል። በረዶ መዛቅ ቀረ፣ የማሞቂያ ሂሳብ ቀነሰ፣ ታክሲ የሚሠራውም መንገዱ አይንሸራተትበትም። ነፋሱን ልብ የሚለው የለም። ሙቀቱና ነፋሱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኮሎራዶ ያየችው ይህንኑ ነው። ስፕሪንግ ላይ ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ሣሩ ረዝሞ አደገ፤ ከዚያ ሰማዩ ነጠፈ። ዴንቨር የመጀመሪያውን በረዶ ያየችው ዲሴምበር 10 ነው፤ እንዲህ የዘገየበት ጊዜ ተመዝግቦ አያውቅም። ዲሴምበር 30 ከተራራው የወረደው ነፋስ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እየጋለበ ሳለ ቦልደር አጠገብ እሳት ተነሣ። በሰዓታት ውስጥ ሱፒሪየርና ሉዊቪል በተባሉት ከተሞችና በአካባቢያቸው ከ1,000 በላይ ቤቶች ነደዱ፣ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ጫካ ውስጥ የተሠሩ ጎጆዎች እንዳይመስሉ፤ የገበያ አዳራሽና ሆቴል ያለባቸው ሰፈሮች ናቸው። በረዶው የጣለው በማግስቱ ነው።

የሚያስቆጨው የማስጠንቀቂያው ነገር ነው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። «ቀይ ባንዲራ» የሚባለው የእሳት ማስጠንቀቂያ ግን አልወጣም፤ የአየሩ እርጥበት መመሪያው ከሚጠይቀው ልክ በታች አልወረደምና። ሣሩ ደርቆ ሳር ቤት ክዳን መስሏል፤ መመሪያው ግን ያየው እርጥበቱን ነው። ሰው ደግሞ «ኃይለኛ ነፋስ» ሲባል የቆሻሻ ገንዳውን ያስጠጋል እንጂ ፓስፖርቱንና የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት ቦርሳ ውስጥ ከትቶ በር ላይ አያስቀምጥም። የዚያን ቀን ከቤት ለመውጣት ደቂቃዎች ብቻ የቀሯቸው ብዙዎች ነበሩ።