ከኮሎ ላይ ስንት ግራም?

ደጀን የደረሰ ሰው ስለ ዳገት አይጠየቅም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ዓባይ ድልድይ ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ የደጀን ልጅ የሆነ ወዳጃችን፣ አባቱ በታክሲነት ቤተሰብ ያሳደጉባትን አሮጌ ሴይቼንቶ «የውድድር ሞተር ላድርጋት» ሲለን፣ ሌላውን ወሬ ትተን ስለ ብረት መከራከር ጀመርን።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ይህቺ ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበር። ካርሎ አባርት ምቱ የረዘመ ኮሎ አስገብቶ ወደ 747 ሲሲ አሳደጋትና ለውድድር አበቃት። መካኒኮቻችን ኮሎ የሚሉት ክራንክ ሻፍቱን ነው፤ የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠውን ብረት።

ወዳጃችን የፈለገው ኮሎውን ሞርዶ ማቅለል ነው። ሲቀል፣ ነዳጅ ስትረግጡ ዙሩ ቶሎ ይጨምራል፣ ስትለቁም ቶሎ ይወርዳል። ለውድድር ይህ ጥሩ ነው። የሞተሩን ጉልበት ግን አይጨምርም! ክብደቱ እኮ ሥራ አለው፤ ከቮላኖው ጋር ሆኖ ሞተሩን ከአንዱ ምት ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው እሱ ነው። ከልክ በላይ አቅልላችሁት ዳገት ላይ ለመነሳት ፍሪሲዮን ስትለቁ፣ ሞተሩ ጭጭ!

ማመዛዘን ግን ሌላ ነገር ነው። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከመሐሉ 5 ሴንቲ ሜትር ርቃ ያለቦታዋ የተረፈች 10 ግራም ብረት፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የ5 ኪሎ ያህል ትጎትታለች። በ6,000 ዙር 10 ኪሎ እንዳትሉ፤ 20 ኪሎ ናት! ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ፍዳውን የሚያየው ብሮንዚኑ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ፒስተኖቹና ቢዬላዎቹ አንድ በአንድ ተመዝነው ወደ ቀላሉ ይስተካከላሉ። ኮሎው በሁለት ቀጥ ያሉ ጠርዞች ላይ ሲቀመጥ ከባዱ ወገን ዞሮ ወደ ታች ይመጣል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አንደኛው ጫፍ በላይ፣ ሌላኛው በታች ቢከብድ ቆሞ ሲታይ ሰላም ነው፣ ሲሽከረከር ግን ይንገዳገዳል። ስለዚህ እያሽከረከረ የሚለካ ማሽን ያስፈልጋል። ከተሞረደም በኋላ ስለታም ጥግ መቅረት የለበትም፤ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል።

እኛም ያልነው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ትመዛዘን፣ ማቅለሉ ይቆይ። ወዳጃችን ለጊዜው አኩርፎናል። ያኩርፍ! መለዋወጫዋ ብርቅ የሆነባት መኪና ናት፣ አንድ ኮሎ ነው ያላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተሞረደ ብረት ግን ተለቅሞም አይመለስም።