ሲዲ ያልሆነው ሲዲ

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ዊንዶውስ የተገዛ ነው ወይስ ሰፈር ውስጥ በጥቂት ብር «የተጫነ»? አትመልሱልኝ። ይህንኑ ጥያቄ ሰው ሁሉ ላይ እየወረወርሁ በዞርሁበት ዓመት አንዲት እህታችንን ጎድቻለሁ። የምጽፍላችሁም ስለዚያ ነው።

ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው። ሰንጋ ተራ፣ ንግድ ሥራ ኮሌጅ እማር ነበር። የዛሬውን ሰንጋ ተራ ብቻ የምታውቁ የባንኮቹን የመስታወት ፎቆች ነው የምታስቡት። ያን ጊዜ በኮሌጁ ዙሪያ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመው ነበር፤ «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥረዛ» የሚል ሰሌዳ በየበሩ፣ ከዚያ ዝቅ ሲሉ ሥጋ ቤት። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሰንጋው ነው፤ ተማሪው ግን በሽሮ ነበር የሚኖረው።

በዚያ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ በፖስታ ሳጥኑ የኡቡንቱ ሲዲ መጣለት። በነጻ። የፖስታው ዋጋ እንኳ ተከፍሎለት። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ በሊኑክስ ላይ የቆመ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሆን፣ ስሙ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰው መሆንን፣ ለሌላው ሰው መሆንን የሚናገር ቃል ነው። ማንም መገልበጥ ይችላል፤ ማንም ውስጡን ከፍቶ ማየት ይችላል። ፍላሽ በሰካን ቁጥር ቫይረስ ለምንቃርም ለእኛ ይህ የምሥራች ነበር ማለት ይቻላል።

እኔ ግን በዚያ አልቆምሁም። ሰባኪ ሆንሁ። የኮፒራይት አዋጁን ቁጥር፣ 410/1996ን፣ በቃሌ ያዝሁ። በኅብረታችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «በተሰረቀ ሶፍትዌር የመዝሙር ግጥም ግድግዳ ላይ እያበራን እንዴት ስለ ቅድስና እንዘምራለን?» አልሁ። ጸጥ አሉ። ያ ጸጥታ እንዴት እንደጣፈጠኝ አሁንም አስታውሳለሁ።

ከስብሰባው በኋላ የመጣችው አንዲት ብቻ ናት። የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ትቀድማለች። አክስቷ ከውጭ የላከችላት ሚኒ ላፕቶፕ ነበረቻት፤ ደብተር የምታክል፣ ሲዲ ማንበቢያ የሌላት። «የኔም የተሰረቀ ነው። አውጣልኝ» አለችኝ።

በፍላሽ ጫንሁላት። ድምፁ ሠራ። ስክሪኑ ሠራ። ዋይፋዩም ሠራ፤ ዋይፋይ ያለበት ቤት ባናውቅም። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት የመዝሙር ግጥሞቿ የላቲን ፊደልና የምልክት ሾርባ ሆነው ወጡ፤ እነሱን ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ በዩኒኮድ እንደገና ተየብኋቸው፤ አልከፋኝም። አሮጌው ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ሳይዝ ነበር የሚመጣው፤ ኡቡንቱ ግን ሲከፈት ጀምሮ አማርኛ ያነባል። ይህን እያሳየሁ ተኩራራሁ። የቀረው የዩኤስቢ ሞደሟ ነበር። ሂሳብ ስላልነበረው አልሞከርሁትም። «ይሠራል» አልኋት።

እዚህ ላይ ድራይቨር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን የውጭ አገር እንግዳ የመጣበትን እሑድ አስቡ። እንግዳው በቋንቋው ይናገራል፣ አጠገቡ አስተርጓሚ ቆሟል። አስተርጓሚው ቢቀር ድምፅ ማጉያው ይሠራል፣ እንግዳውም ይናገራል፣ እኛ ግን ተቀምጠን አፉን እናያለን። ድራይቨር ያ አስተርጓሚ ነው። ሞደሙ፣ ማተሚያው፣ ካሜራው የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያለ አስተርጓሚ አይሰማቸውም።

ችግሩ ብዙ አምራቾች አስተርጓሚ የሚያሰለጥኑት ለዊንዶውስ ብቻ መሆኑ ነው። መዝገበ ቃላቱንም ይደብቁታል። የሊኑክስ ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ለብሮድኮም የዋይፋይ ቺፖች የተሠራው ድራይቨር ታሪክ ደስ ይለኛል፦ አንዱ ቡድን የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር እየመረመረ ቺፑ ምን እንደሚጠብቅ በጽሑፍ አስቀመጠ፤ ሌላው ቡድን የተዘጋውን ኮድ ሳያይ፣ ያን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ አዲስ ጻፈ። ሰርቀዋል እንዳይባሉ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ኩባንያው ራሱ ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር አወጣ።

እንቅስቃሴው ራሱ የጀመረው ከዚህ ዓይነት ነገር ነው ይባላል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ የነበረው የዜሮክስ ማተሚያ ወረቀት እየያዘ ያስቸግር ነበር። ሊያሻሽለው ኮዱን ቢጠይቅ ኮዱ በእጁ የነበረ ሰው አልሰጥም አለው፤ ላለመስጠት ፈርሞ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1983 ስቶልማን ማንም ሊያየውና ሊያርመው የሚችል ሲስተም ሊሠራ መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ጀመረ።

ወደ ሰንጋ ተራ ልመልሳችሁ።

እህታችን በውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ነጻ የትምህርት ዕድል ልታመለክት ወራት ስትዘጋጅ ቆይታለች። ማመልከቻው የሚዘጋው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነበር። የመጨረሻው የድጋፍ ደብዳቤ የደረሳት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ስካን አስደርጋ ቤት ገባች። ምሽት 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ሰፈሩ በሙሉ። ኢንተርኔት ቤቶቹ በራቸውን ዘጉ። እሷ አልደነገጠችም። ባትሪ ያላት ላፕቶፕ፣ ሂሳብ የተሞላ ሞደም አላት። ትንሿ ላፕቶፕ የተላከችላትም እኮ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ነው።

2 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለችልኝ። «ሞደሙን ስሰካው ሲዲ ነው ይላል።»

ሄድሁ። በሻማ ብርሃን አየሁት። ሲዲ ማንበቢያ የሌላት ላፕቶፕ የሲዲ ሥዕል ስክሪኗ ላይ አውጥታ ቁጭ ብላለች። ሳቅሁ። ሞደሙን ነቅዬ በሌላው ቀዳዳ ሰካሁት። ሲዲ። አጥፍቼ አበራኋት። ሲዲ። የማውቃቸውን ትዕዛዞች ሁሉ ጻፍሁ። መፍትሔውን ለመፈለግ ኢንተርኔት ያስፈልገኛል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት መፍትሔው ያስፈልገኛል። ከ4 ሰዓት በኋላ ፋይሎቹን በፍላሽ ይዘን እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ወጣን፤ ጄኔሬተር ያለው አንድ ኢንተርኔት ቤት አገኘን፣ ተዘግቷል። ዘበኛውን ለመንነው። ቁልፉ እሱ ጋ አልነበረም።

መብራት የመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው።

በማግሥቱ በኮሌጁ በር ላይ አገኘኋትና የምንለውን አልሁ፦ «እግዚአብሔር የተሻለ ነገር አለው።» አየችኝ። «እሱን እኔ ልበለው። አንተ አትበለው» አለች፤ ወደ ክፍል ገባች።

ከሁለት ቀን በኋላ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ምክንያቱን አገኘሁት። እነዚህ ሞደሞች ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያቀርባሉ። የዊንዶውሱ ድራይቨር በውስጣቸው ስላለ ነው፤ ገዢው ሲዲ ሳይፈልግ እንዲጭነው። ዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩ ሲጫን መሣሪያው ሲዲነቱን ትቶ ሞደም እንዲሆን ይታዘዛል፤ ሊኑክስ ላይ የሚያዘው ከሌለ ሲዲ እንደሆነ ይቀራል። ይህን የሚሠራ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ለብዙዎቹ ሞደሞች ግን ያም አያስፈልግም፤ ሲዲውን «አውጣ» ማለት ይበቃል። የእሷም ከእነዚያ ነበር። ሥዕሉን በቀኝ ጠቅ ብናደርገው የሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ያቺ ቃል አለች። ሌሊቱን ሁሉ እፊታችን የነበረውን ሲዲ ሐሰተኛ ነው ብዬ ስለናቅሁት አልነካሁትም።

ይህን ለእሷ ለመናገር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ስነግራት ሰማችኝና «እና ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር?» አለች። አዎ አልኋት። ሌላ አልተናገረችም። በወሩ መጨረሻ የገንዘብ ያዥነቱን ደብተር አስረክባ ከኅብረቱ ወጣች። በእኔ ምክንያት ይሁን በምርቃቷ ምክንያት አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ስለፈራሁ ነው።

ለብዙ ጊዜ አምራቾቹን ስወቅስ ኖርሁ። ወቀሳው ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ አሱስ ኢ ፒሲ የተባለችውን ትንሽ ላፕቶፕ በሊኑክስ ሲያወጣ፣ ርካሽ ኮምፒውተርና ነጻ ሶፍትዌር የተገናኙ መስሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማይክሮሶፍት ጊዜው ያለፈበትን ኤክስፒ ለእነዚህ ትንንሽ ላፕቶፖች አራዘመ፣ ገበያውም ወደዚያ ዞረ። ለልጆች ተብሎ በሊኑክስ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በሺዎች ወደ አገራችን የገባው ኤክስኦ ላፕቶፕ እንኳ የዋይፋይ ቺፑ ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌር ዝግ ነበር፤ በዚህም ከራሳቸው ከክፍት ሶፍትዌር ሰዎች ክርክር ተነሥቶበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሞደሙ አምራች ለእህታችን «በሊኑክስ ይሠራል» ብሎ አያውቅም። ያልሁት እኔ ነኝ። ሳልሞክር።

አሁንም የምጠቀመው ሊኑክስ ነው፤ የምትፈልጉ ካላችሁም እረዳለሁ። ግን ሥርዓት አለኝ። ምንም ሳላጠፋ ከፍላሽ አስነሣዋለሁ። የምትሰኩትን ዕቃ ሁሉ ታመጡልኛላችሁ፤ ሞደም፣ ማተሚያ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሳይቀር፣ ሂሳቡም ተሞልቶ። አንድ በአንድ እንሞክራለን፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። እንደዚያ ዓይነቱ ሞደም ሲዲ ሲሆን አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ሞደም ሲሆን ሌላ፤ ይህን ማየት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የማይሠራ ካለ ከመጫኔ በፊት እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት ደወለችልኝ። ድምፅዋን ለየሁት። ታናሽ ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፣ ርካሽ ላፕቶፕ ተገዝቶለታል። «እየው እስኪ» አለች፤ ቆይታም «ሳታጠፋው» አለች። ሰንጋ ተራ፣ ድሮ ቤቷ ከነበረበት ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ፎቅ ሥር ካለ ካፌ ተገናኘን። ልጁ ዕቃውን ሁሉ በከረጢት ይዞ መጥቷል። ሁለት ሰዓት ያህል ሞከርን። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ማተሚያ፣ ሁሉም ሠራ።

«ካሜራው አይሠራም» አልኋት።

«በካሜራ ነው የሚማሩት አሁን» አለች።

«እንግዲያው ዊንዶውሱን ልተውለት። ሲገዛ አብሮት የመጣ ነው፣ ሕጋዊ ነው።»

«ተውለት» አለች። ፍላሼን ነቀልሁ። የማኪያቶውን ሂሳብ ልክፈል ብል እንቢ አለች።