ጣሪያው የሚከፈተው መኪናችን፦ ዘጠኝ ወር በካፉሪ

ከገዳሪፍ እስከ ባሕሪ የሚያገኘን ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ መተማ ቀረጥ ወይም ስለ ቡና ዋጋ መሆኑ ቀርቷል። «ኮንቨርቲብል ገዙ የሚባለው እውነት ነው?» ይሉናል። እውነት ነው። ሁለት በር፣ አራት መቀመጫ፣ ጥቁር የሸራ ጣሪያ፣ የጀርመን ሥራ። ማርካውን አንጠራም፤ እንዲህ ያለ መኪና በካርቱም ጥቂት ስለሆነ፣ ማርካው ከተጠራ የቀድሞ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግማሹ ካፉሪ ያውቃል።

እኛ ሦስት ነን፤ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም የሚስት ወንድም። ከጎንደር በመተማ በኩል ቡና፣ በርበሬና ቅመማ ቅመም እናስመጣለን፤ ወደ አገር ቤት ደግሞ የሱዳን ሸቀጥ እንልካለን። ለቅንጦት የሚተርፍ ገንዘብ ኖሮን አያውቅም። መኪናው የመጣው በዱቤ ነው። ሰው ያበደረን ሳይሆን እኛ ያበደርነው ዱቤ ማለታችን ነው። ካፉሪ ውስጥ ቡና በጅምላ የሚወስዱ አንድ ሐጅ የሁለት ጭነት ሒሳብ ነበረባቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክደው አያውቁም። ነገር ግን ከጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. በኋላ፣ መፈንቅለ መንግሥቱ ሆኖ ኢንተርኔቱም ለሳምንታት ሲጠፋ፣ የሁሉም ሰው ገንዘብ የሆነ ቦታ ተይዞ ቀረ። የእኛም ሒሳብ ላም አለኝ በሰማይ እየሆነ ሄደ። በኅዳር መጨረሻ ሐጁ ጠሩንና «ልጄ ከውጭ አስመጥቶት አንድ ዓመት ሳይነዳው ወጥቶ ሄደ፤ መኪናውን ውሰዱ» አሉን።

ብዙ ወዳጆቻችን «ጥሬ ገንዘብ እስኪያገኙ ለምን አልጠበቃችሁም?» ብለውናል። መልሱን የካርቱም ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በየካቲት 2013 በአንድ ሌሊት የዶላር የባንክ ዋጋ ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ሲሄድ እዚሁ ነበርን። እኛ መኪናውን ከወሰድን አራት ወር ሳይሞላ ደግሞ 500 አለፈ። በፓውንድ የተጻፈ ዱቤ እየጠበቅህ በሄድህ ቁጥር ያንስብሃል። ስለዚህ እዚህ ሰው ገንዘቡን መሬት ያደርገዋል፣ ወርቅ ያደርገዋል፣ መኪና ያደርገዋል። መኪና በካርቱም መንጃ ብቻ ሳይሆን የቁጠባ ደብተርም ነው። የእኛ ደብተር ጣሪያው ተከፋች ሆኖ መገኘቱ ነው ልዩነቱ።

ካፉሪን ለማታውቁት፦ ከባሕሪ በኩል፣ በጥቁር አባይ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለ ሠፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከመቶ ዓመት በፊት እዚያ ሰፊ እርሻ ከነበረው ከአዚዝ ካፉሪ ነው። ዛሬ ላሞቹ የሉም፤ ቪላ ነው፣ ሰፊ መንገድ ነው፣ ከፍ ያለ ግንብ ነው። የአል በሽር ቤተሰብ ቤቶችና ትልቁ መስጂድ አል ኑርም እዚያው ናቸው። እኛ የምንኖረው ከአንድ ቪላ ጀርባ ባለ የሠራተኛ ቤት ውስጥ ነው፤ መኪናው የሚያድረው ግን ባለቤቶቹ በፈቀዱልን የዋናው ቤት ጥላ ሥር ነው። ከእኛ የተሻለ አልጋ አለው ብለን እንስቃለን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እውነትም ደስ ይሉ ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር የካርቱም ማታ ቀዝቃዛ ነው፤ ነጠላ ያስደርባል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ጣሪያውን ከፍተን በኮበር ድልድይ ተሻግረን ሻሪዕ አል ኒል ላይ ስንነዳ፣ የአባይ ሽታ ፊት ለፊት ይመጣል። ያ ውኃ ከጣና የመጣ ነው፤ ከእኛው አገር። ለመጠየቅ ከጎንደር የመጡት አክስታችን በዚያ ሰሞን ከኋላ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው «ጃንሆይ ከኬኔዲ ጋር የሄዱት እንዲህ ባለው ነው» አሉ። ነገሩ ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1963 ዋሽንግተን ውስጥ ሁለቱ በክፍት መኪና ሕዝብ መካከል አልፈዋል። እትዬ ፎቶውን ከልጅነታቸው ጀምሮ አልረሱትም።

ይሁን እንጂ ክፍት መኪና ያሳያል። በአምጃድ ወይም በሪክሻ ስትሄድ ማንም አያይህም። ጣሪያው ሲከፈት ግን ፊትህ፣ ቀለምህ፣ ነጠላህ ሁሉ አደባባይ ነው። በአልፋሽቃ ጉዳይ ወሬው በሚሞቅባቸው ሳምንታት «ያ ሐበሻ፣ መኪናው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል። ከሦስታችን ኢቃማው የታደሰው አንዱ ብቻ ስለነበር ሊብሬው በእሱ ስም ወጣ፤ እሱ በሌለበት መኪናው አይንቀሳቀስም። በሰልፍ ቀን ደግሞ ድልድዮቹ በኮንቴይነር ይዘጉ ነበር፤ ያን ቀን ማንኛውም መኪና ባለበት መቅረት ነበረበት፣ የሸራ ጣሪያ ያለው ደግሞ ከሁሉም በፊት። ጋዙ በሸራ አይታገድም።

ለንግድ ያገለግላል ወይ? አያገለግልም። ጣሪያው ሲታጠፍ የሚገባው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ከውስጡ አንድ መጋረጃ አለ፤ እሱ ካልወረደ ሞተሩ ጣሪያውን አያንቀሳቅስም። መጋረጃው ሲወርድ የሚተርፈው ቦታ ሁለት የእጅ ሻንጣ አይዝም። አንድ ቀን ቦክስ ጠፍቶ ሁለት ጆንያ ዛላ በርበሬ ከኋላ ወንበር ጭነን ከገበያ ወደ ካፉሪ መጣን። ጆንያ ስለማይገባበት ጣሪያው ክፍት ነበር። ድልድዩ ላይ ነፋሱ የበርበሬውን ብናኝ ይዞ ከኋላችን ያለውን አውቶቡስ አስነጠሰው። የትራፊክ ፖሊሱ እንባውን እየጠረገ አሳለፈን፤ ወረቀትም አልጠየቀን።

መኪናው እንጀራ መሆን የጀመረው በሠርግ ነው። እኛ አላሰብነውም፤ ፈላጊዎቹ ራሳቸው መጡ። በታኅሣሥ አንድ የሠፈራችን ሱዳናዊ ወጣት ለሴራው ፈለገው። ሴራ ማለት ሙሽራው በመኪና ሰልፍ ታጅቦ ወደ ሙሽሪት የሚሄድበት ነው። ዐሪሱ ከኋላው ወንበር ጀርባ ላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ቪዲዮ አንሺው ከፊት ባለ ቦክስ ላይ ቆሞ ቀረጸ። ቪዲዮው በስልክ ተላለፈ፤ በጥር የእኛዎቹ ሙሽሮች ተከተሉ። ሹፌር ራሳችን ነን፤ ለማንም አናከራይም፣ ይዘን ነው የምንሄደው። የሙሽሪት ቬሎ ነፋስ ስለሚይዝ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አንነዳም። በጥር ብቻ ሰባት ሠርግ ሠራን። የሦስቱ ሠርግ ኪራይ የወር የቤት ኪራያችንን ከፍሎ ለቤንዚን አተረፈ። የቤንዚን ድጎማ ከተነሣ ወዲህ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ጾም ገባ። የ2014ቱ ዐቢይ ጾም የካቲት 21 ተጀመረ፤ ሳይፈታ መጋቢት 24 ረመዳን ተጨመረ። ፋሲካ ሚያዝያ 16 ሆኖ የእኛ ወገን ሲፈስክ፣ ሙስሊሞቹ እስከ ሚያዝያ 24ቱ ዒድ ድረስ ገና በጾም ላይ ነበሩ። ሁለቱ ሃይማኖቶች ተባብረው ሥራችንን ዘጉት ብንል አንሳሳትም። እንዲህ ያለውን መኪና ለሠርግ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ሒሳቡን በአሥራ ሁለት ወር እንዳያካፍለው እንመክራለን። ሠርግ ያለው በአምስት ወይም በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ መኪናው ቆሞ ይበላል።

የቆመ መኪና የሚበላው ደግሞ ሙቀቱ ነው። በግንቦት ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጣሪያውን ከፍቶ መሄድ ለሞኝ ነው። መሪው እጅ ያቃጥላል፣ ቆዳ ወንበሩ እንደ ምጣድ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽት አንድ ሰዓት ተዘግቶ በአየር ማቀዝቀዣ ነው የሚነዳው፤ ማቀዝቀዣውም በሸራ ሥር ይደክማል። ቀጥሎ ሃቡብ መጣ። ያ ቀይ የአቧራ ግንብ ከሩቅ ሲታይ ጣሪያ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ አለ፤ ጣሪያው ከሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ችግሩ ተዘግቶም መግባቱ ነው። ስኳር የመሰለ ደቃቅ አፈር በላስቲኩ ጠርዝ ገብቶ፣ መታጠፊያው ብረት ላይ ተቀምጦ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍተው ሸራውን ይፈጫል።

በባሕሪ የኢንዱስትሪ ሠፈር አንድ የመኪና ወንበር ሰፊ አሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ከመካኒኩ ይልቅ እሳቸው ናቸው ያስተማሩን። የሸራው ጣሪያ አንድ ጨርቅ እንዳይመስላችሁ፣ ላዩ ሸራ፣ መካከሉ ላስቲክ፣ ውስጡ ስስ ጨርቅ ነው አሉን። ስለዚህ በቤንዚንና በጠንካራ ሳሙና አይታጠብም፤ መካከሉ ያለው ላስቲክ ከተበላ ጣሪያው አለቀለት። በደረቁ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይቀድማል፣ ከዚያ ብዙ ውኃ፣ ከዚያ ሳይደርቅ አለማጠፍ። እርጥብ ታጥፎ ከዋለ ይሻግታል። የመስኮቱና የጣሪያው ላስቲክ ፀሐይ ስለሚያደርቀው ሲሊኮን ይቀባል፤ ቫዝሊን ላስቲኩን ስለሚያሳብጥ አይሆንም። ትልቁ ምክራቸው ግን ስለ ውኃ መውረጃው ነበር። ጣሪያው ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ጣት የማይገባባት ቀዳዳ አለች። የጣሪያው ውኃ የሚወርደው በእሷ ነው። ሃቡቡ ካለፈ በኋላ አፈሩ እዚያ ገብቶ እንደ ጭቃ ይደርቃል። ሽማግሌው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሲጠርጉት የወጣው አፈር የቡና ሲኒ ሞላ። ይህን ያደረግነው በሰኔ ነው። የካርቱም ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ዘንድሮ ጎዳናው ሁሉ ሐይቅ ሲሆን፣ መኪናው ውስጥ ግን ጠብታ አልገባም። ከግራው መስኮት ጥግ በቀር፤ የእሱ ላስቲክ ተሰንጥቋል።

በሰኔ መጨረሻ ድንበሩ ተዘጋ። በዚያ ሳምንት አንድ ጭነታችን ሸኸዲ ላይ ነበር። ሹፌሩ በየቀኑ ይደውላል፤ የመኪና ማቆሚያ፣ የምግብ፣ የጠባቂ ይቆጠራል፤ በርበሬውም ክረምት ስለሆነ እርጥበት ይፈራል። እስከ ሐምሌ ድረስ ከመተማ አንዲት ሳንቲም አልገባችም። በዚያን ጊዜ ከሦስታችን መካከል የተነሣው ክርክር ቀላል አልነበረም። ወንድም «መኪናውን ዛሬ እንሽጥ፤ ካፒታላችን ጥላ ሥር ቆሞ እኛ በዱቤ ሽሮ እንገዛለን» አለ። ሚስት «በችኮላ የሚሸጥ ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ግማሹን ዋጋ ነው የሚሰጡን፤ እሱም ፓውንድ ነው» አለች። ባል በሁለቱ መካከል ዝም አለ፤ ዝምታውም ለሁለቱም አልተመቸም። ጥቂት ቀን በአንድ መሶብ ቀርበን ሳንነጋገር በላን። ለልጃችን ትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ ሊነካ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በዒድ አል አድሐ ሰሞን አራት የሱዳን ሠርጎች በተከታታይ መጡ። አራቱንም ባል ነዳ። የሸኸዲው ሹፌር አበልና የሐምሌ ቤት ኪራይ የተከፈለው ከዚያ ነው።

ይህን ስንጽፍ ነሐሴ እየወጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሐጅ ዩሱፍ አንድ ሰው መጥቶ መኪናውን ዞረው ዞረው አዩት፤ ጣሪያውን ሦስት ጊዜ አስከፈቱን። ቦክስ አላቸው፤ ያገለገለ ቢሆንም ሞተሩ ደህና ነው። ቦክሳቸውን ሰጥተው ትንሽ ገንዘብ ሊጨምሩልን ይፈልጋሉ። ቦክስ ይጭናል፤ ገዳሪፍ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ በየትኛውም ቀን ገዢ አያጣም። ከሦስታችን ሁለቱ ለቦክሱ አዘንብለናል። ሆኖም ለጥር ከወዲሁ አምስት ሙሽሮች ቀን ይዘዋል፤ ቃል ሰጥተናቸዋል። ስለዚህ ለሰውየው «ከጥምቀት በኋላ ይምጡ፤ የሚጨምሩትንም በዚያን ጊዜ በዶላር እንነጋገራለን» አልናቸው። ሳቁ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ። ይመለሳሉ ብለን እንገምታለን፤ ልጃቸው ጣሪያው ሲከፈት ያየበት ዓይን ነግሮናል።

እስከዚያው ከዱባይ በካርቱም በኩል የሚያልፍ ወገን ካለ፣ የግራ በር የመስኮት ላስቲክ እንፈልጋለን። ልኩንና የመኪናውን ማርካ ለብቻ እንነግረዋለን። ዋጋውን በቡናም ቢሆን እንከፍላለን።