ቺፑን ይዘን ወጣን፣ ፓምፑን ረሳን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ ጌም ልናወራችሁ ነው። ጌም ላይ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው የምትሉን ትኖራላችሁ። አንከራከርም፤ የባከነ ሰዓት አለን። ነገር ግን ከዚያ ሰዓት ውስጥ ያፈርንበት አንድ ነገር ወጣ። እሱን ደብቀን ከምንይዘው ለእናንተ መንገሩ የተሻለ መስሎ ታየን።

አራት ነን፤ አንድ ዶርም፣ አንድ ላፕቶፕ። አንዳችን ሲቪል፣ አንዳችን መካኒካል፣ አንዳችን ኤሌክትሪካል፣ አንዳችን የውኃ ምህንድስና እንማራለን። የመጣንበት አገር ቢለያይም አስተዳደጋችን አንድ ነው፤ ግማሽ ቀን መድረሳ፣ ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት። ላፕቶፑ ያረጀ ስለሆነ አዲስ ጌም አይችልም። አቅሙን የሚመጥን ስንፈልግለት «ፎልአውት» የሚባለውን አገኘን። በ1997 እ.ኤ.አ. ኢንተርፕሌይ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ሲዲ ያወጣው ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። ስሙ ከኑክሌር ፍንዳታ በኋላ ከሰማይ የሚረግፈውን ጨረር ያለበት ብናኝ ያመለክታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2077 በተደረገ የኑክሌር ጦርነት ዓለም ወድማለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ሰዎች «ቮልት» በሚባሉ፣ ከመሬት በታች በተሠሩ መጠለያዎች ገብተው፣ የብረቱን በር ዘግተው ተርፈዋል። ጌሙ የሚጀምረው ከ84 ዓመት በኋላ፣ በ2161፣ ተራራ ውስጥ ባለው ቮልት 13 ነው። የመጠለያውን ውኃ የሚያጣራውን መሣሪያ የሚቆጣጠረው ቺፕ ተበላሽቷል፤ መለዋወጫም የለም። የቮልቱ ኃላፊ አንድ ወጣት ይጠራና ያለን ውኃ ለ150 ቀን ነው፣ ከዚያ በፊት ሌላ ቺፕ ፈልገህ አምጣ ይለዋል። በሩ ይከፈታል፣ ወጣቱ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። የቀረው የተጫዋቹ ፋንታ ነው። በካርታው ላይ በተጓዛችሁ ቁጥር ቀኖቹ እየተቆጠሩ ይወርዳሉ።

ከመውጣታችን በፊት ግን ወጣቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን መወሰን ነበረብን። ጥንካሬ፣ ንቃት፣ ጽናት፣ ተወዳጅነት፣ ብልህነት፣ ቅልጥፍናና ዕድል የሚባሉ ሰባት ባሕርያት አሉ። እያንዳንዱ 5 ነጥብ ይዞ ይጀምራል፤ ሌላ 5 ነጥብ ደግሞ እንደፈለጋችሁ ታከፋፍላላችሁ። ቀጥሎ ከ18 ችሎታዎች ሦስቱን ዋና አድርጋችሁ ትመርጣላችሁ። እዚህ ላይ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። መካኒካሉ «ተኩስ ካልተመረጠ እኔ የለሁበትም» አለ። ሲቪሉ ንግግር መረጠ፤ አባቱ የአገር ሽማግሌ ስለሆኑ በንግግር የማይፈታ ነገር የለም ባይ ነው። ኤሌክትሪካሉ ቁልፍ መክፈት አለ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም። ሦስቱ ሞሉ። ዝርዝሩ ውስጥ «ጥገና» የሚልም ነበር። አራት የምህንድስና ተማሪዎች ሆነን አልፈነው ሄድን።

ጌሙ ለእኛ የተስማማን በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውጊያው በተራ ነው፤ እናንተ ተራችሁን ሳትጨርሱ ጠላት አይነቃነቅም። አዛን ሲል ሽፍታውን ከፊታችን እንደቆመ ትተነው እንሄዳለን። ሰግደን ስንመለስ መሣሪያውን እንደደገነ እዚያው ቆሞ ይጠብቀናል። ሁለተኛ፣ የሚነበብ ንግግር ሞልቶበታል። እንግሊዝኛ የሚቀናው የውኃው ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መድረሳ ኡስታዞቻችን ኪታብ እንደሚያብራሩልን፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር በአማርኛ ያወርድልናል።

መጀመሪያ የተላክነው ወደ ቮልት 15 ነበር። ስንደርስ መውረጃው ገመድ ይጠይቃል፤ ገመድ አልያዝንም። ሼዲ ሳንድስ ወደምትባለው የገበሬዎች መንደር ሄደን ገመድ ይዘን ተመለስን። ታግለን ወርደን ያገኘነው በናዳ የተቀበረ የመቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ቀናችን በከንቱ አለቀ። ከዚያ ጀንክታውን፣ ከዚያም ሐብ የምትባለው የነጋዴዎች ከተማ ገባን። ገንዘባቸው የለስላሳ ቆርኪ ነው። ሐብ ውስጥ የውኃ ነጋዴዎች አሉ፤ ብንከፍላቸው ወደ ቮልት 13 ውኃ ልከው 100 ቀን ሊያስጨምሩልን ይችሉ ነበር። እኛ ግን ቆርኪያችንን በጥይት ጨርሰነው ነበር።

ቺፑ የተገኘው ኔክሮፖሊስ በምትባል ፍርስራሽ ከተማ ነው፤ የሙታን ከተማ ማለት ነው። ነዋሪዎቿ ጨረሩ ቆዳቸውን የገፈፈው፣ ግን ሳይሞቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ «ጉል» ይባላሉ። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ የሄደ ስለሆነ ትርጉም ሳያስፈልገን የገባን እሱ ብቻ ነበር። እነሱም እንደኛው የቮልት ሰዎች ነበሩ፤ የቮልት 12። ከከተማዋ ሥር ባለው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ሰላማዊ የሆኑ ጉሎች ተጠልለው አገኘን። መሪያቸው ብዙ ነገር ነገረን። ከሌሊቱ 5 ሰዓት አልፏል፤ የውኃው ልጅ በማግስቱ ፈተና ስላለበት ተኝቷል። ማውዙን የያዘው መካኒካሉ ነበርና ንግግሩን ጠቅ ጠቅ እያደረገ አሳለፈው። «ምን አለ?» ስንለው «ስለ ውኃ ነው» አለን። የውኃ ጣቢያውን የሚጠብቀውን ግዙፍ ፍጡር በንግግር አለፍነው፤ ሲቪሉ እስካሁን ይኮራበታል። ወደ ቮልት 12 ወረድን፣ ቺፑን ወሰድን፣ ወጣን። ቮልት 13 ስንደርስ ገና 37 ቀን ይቀረን ነበር። ተቃቀፍን።

የግቢያችንን የውኃ ነገር ታውቁታላችሁ። እኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ እሱም ታችኛው ፎቅ ባለው አንድ ቧንቧ ብቻ። ያንኑ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሰማን። አራቱን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘን ወረድን፤ ሞልተን አልጋ ሥር ደረደርናቸው። ለሱብሒ ስንነሣ ቧንቧው ደርቋል። በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ የመጣ አዲስ ገቢ ወንድማችን ነው፤ ባዶ ሃይላንድ ይዟል። «ለውዱእ የምትሆን ትንሽ ውኃ አትጠፋም?» አለ። በሩን የከፈተው ልጅ «አልቋል ወንድሜ» አለው። እሱም «ችግር የለም፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ብሎ ሄደ። በሩን የከፈተው አንዳችን ነው። ሌሎቻችን ግን ነቅተናል፣ ሰምተናል፣ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ስለዚህ «አልቋል» ያልነው አራታችንም ነን።

ከሁለት ቀን በኋላ ካፌ ሰልፍ ላይ ሆነን ድላችንን ለአንድ ሲኒየራችን አወራንለት። እሱ ጌሙን ባለፈው ዓመት ጨርሶታል። ፈገግ ብሎ ሰማንና «ፓምፑንስ ጠገናችሁላቸው?» አለን።

«የቱን ፓምፕ?» አልነው።

ዝም አለ። ሰልፉ ሄደ፤ እኛም ትሪያችንን አንሥተን ሄድን።

ዶርም ተመልሰን፣ ቺፑን ከመውሰዳችን በፊት ሴቭ ያደረግነውን ፈልገን ከፈትን። የውኃው ልጅ የጉሎቹን መሪ ንግግር ከመጀመሪያው አነበበልን። በእርግጥም ስለ ውኃ ነበር። ቺፑ ከተወሰደ የሚጠጡት እንደማይኖራቸው፣ ነገር ግን ተበላሽቶ የቆመ ፓምፕ እንዳለ፣ መለዋወጫውም ፍሳሽ ቦዩ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ፓምፑ ከተሠራ ቺፑን ብንወስድ እንደማይጎዱ ነበር የነገረን። የራሳችንን 150 ቀን አንድ በአንድ ስንቆጥር የእነሱን አንዲት ቀን አልቆጠርንም። የከፋው ደግሞ 37ቱ ቀን ነው። ጊዜ አጥሮን ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኛን ግን ተርፎን ነበር፤ የተረፈውንም ለምንም አልተጠቀምንበትም።

ይህን ስንነጋገር ኤሌክትሪካሉ ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር አየ። «ሁለቱ ገና አልተከፈቱም» አለ። ስለምን እንደሚያወራ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መድረሳ ፊቅህ ስንቀራ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተምረናል፤ ሙድ ከአንድ ሊትር ያንሳል። የደበቅነው 80 ሊትር ስንት ሰው ያዳርስ እንደነበር ለማስላት ምህንድስና አያስፈልግም። ልጆች ሳለን ውዱእ ስናደርግ ከማንቆርቆሪያው አብዝተን ካፈሰስን ኡስታዛችን ከበስተኋላ ሆነው የሚሉን አንድ ነገር ነበር፤ «ከኋላህ ሰው አለ።»

ጌሙን ከዚያው ቀጠልን። መለዋወጫውን ከፍሳሽ ቦዩ አገኘን፣ ፓምፑ ላይ ሞከርን፣ እምቢ አለ። ጥገና ላይ ነጥብ አልሰጠንምና ወጣቱ ብሎን ከብሎን አይለይም። ስለዚህ ወደ ሐብ ተመለስን። እዚያ መጻሕፍት የምትሸጥ ሴት አለች፤ «ዲንስ ኤሌክትሮኒክስ» የሚባለውን መጽሐፍ ሲያነቡት የጥገና ችሎታ ይጨምራል። ትርፍ ሽጉጣችንን ሸጠን መጽሐፉን ገዛን፤ የሸጠው ራሱ መካኒካሉ ነው። ጉዞውም ንባቡም ከቀኑ ላይ ይቆረጣል። ተመልሰን ደጋግመን ሞከርን፤ ፓምፑ ሠራ። በዚህኛው ጊዜ ቮልት 13 ስንደርስ 14 ቀን ቀርቶ ነበር። 14 ቀን በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ብሎካችን ሳናስብ መቀመጥ አልቻልንም። ጣሪያው ላይ ትልቅ የውኃ ሮቶ አለ፤ ለምን ባዶ እንደሚሆን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። ፓምፕና ቧንቧን በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ብዙ ሥለናል፤ በእጃችን የነካነው ግን ትንሽ ነው። ፕሮክተራችንን ለመንናቸው። «ከወደቃችሁ እኔ ነኝ የምጠየቀው» ብለው ትንሽ ካንገራገሩ በኋላ ቁልፉን ይዘው አብረውን ወጡ። ሮቶው ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ክንዱ ዝጎ፣ እንደተዘጋ ደርቆ ቀርቷል። ውኃ ሌሊት ግፊት አግኝቶ እላይ ድረስ ቢመጣም መግቢያው ዝግ ስለሆነ አይገባም። ገንዘብ አዋጥተን አዲስ ገዛን። የውኃው ልጅና መካኒካሉ በአንድ ከሰዓት ቀየሩት። ውኃው አሁንም የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ እሱን እኛ አላስተካከልንም። ነገር ግን ሮቶው ስለሚሞላ የላይኛው ፎቅም እስከ ረፋድ ድረስ ያገኛል።

አዲስ ገቢውን ወንድማችንን ከጁሙዓ በኋላ ፈልገን ዐፍው ጠየቅነው። «ያን ቀን ተየሙም አድርጌ ሰገድኩ፤ አልሐምዱሊላህ» አለን። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ «ጀሪካኖቹን ግን አይቻቸው ነበር» አለ። ሮቶውን እንደሠራን ልንነግረው አስበን ነበር። አልነገርነውም።

ጌሙን ጨረስነው። የፍጡራኑን ጌታ ሠራዊቱ ሊዋለድ እንደማይችል በማስረጃ አሳምነን በንግግር አሸነፍነው፤ ሲቪሉ አሁንም ይኮራል። መጨረሻው ግን አስደነገጠን። ወጣቱ ሁሉን ፈጽሞ ወደ ቮልት 13 ሲመለስ ኃላፊው በር ላይ ወጥቶ ያገኘዋል። ጀግና ነህ፣ ታድገኸናል፣ ነገር ግን ልጆቹ አንተን አይተው ወደ ውጭ እንዳይወጡብኝ እፈራለሁ፣ ስለዚህ መግባት አትችልም ይለዋል። ወጣቱ ብቻውን ወደ በረሃው ይሄዳል። መካኒካሉ «ውለታ ቢስ!» ብሎ ተነሣ። የውኃው ልጅ ግን «እኛስ በሩ ላይ ምን ነበር ያልነው?» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ኃላፊው ክፉ ሰው አይመስለንም። የሚቆጥረው ከበሩ ወዲህ ያሉትን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ጠዋት እኛም የቆጠርነው አራት ሰው ብቻ ነበር።

ከፈተና በኋላ ኢንሻአላህ እንደገና እንጀምራለን። አዲስ ገቢውም አብሮን ይጫወታል፤ ሦስቱን ችሎታዎች እንዲመርጥ ዕድሉን ለእሱ ሰጥተነዋል። ከ18ቱ መጀመሪያ ጣቱን ያሳረፈው ጥገና ላይ ነው። አንዳችንም አልተከራከርንም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።