ልጄ በጃፓንኛ ስትዘፍን

ሥራ ውላ የምትገባ እናት ልጅዋን ለማን ትታ ትወጣለች ብሎ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ልጄን ትቻት የምወጣው ለቴሌቪዥን እንደነበረ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ እንኖር ነበር። እኔ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ ተራዬም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። እኔ ስገባ ባለቤቴ ታክሲውን ይዞ ይወጣል። ሌሊቱን ሲነዳ ስለሚያድር ከሰዓት በኋላ ይተኛል። የስምንት ዓመት ልጃችንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባትዋን እንዳትቀሰቅስ ድምፁን ቀንሳ ከካርቱን ፊልም ፊት ትቀመጣለች።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር እናቴ ልትረዳን ከአዲስ አበባ መጣች። በመጣች በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ልጅቱ ፀጉርዋን እየተሠራች ስታንጎራጉር ሰማቻትና፣

«አንቺ፣ ይህች ልጅ በምን ቋንቋ ነው የምታዜመው? እንግሊዝኛም አልመስልሽ አለኝ» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔ እንግሊዝኛ ነው ልል ስል ልጄ ቀድማ፣ ጃፓንኛ መሆኑን ያውም በእንግሊዝኛ ነገረችን። እናቴ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ለእኔ ‹እንዴት አደሩ› ማለት ያቃተው አንደበት ለጃፓን ተፈታ?»

ይህ ቃል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ቴሌቪዥኑን ከቤት ላወጣው ቆርጬ ተነሣሁ። ባለቤቴ ግን፣ «መጀመሪያ የምትከለክይውን ነገር አብረሻት እይው» አለኝ። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ ስለነበረ ከልጄ ጎን ተቀመጥኩ።

የዘፈኑ ምንጭ «ቲን ታይታንስ» የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ የአሜሪካ ካርቱን ነው። ባለታሪኮቹ ከአሜሪካ የሥዕል መጽሔቶች የተወሰዱ ጀግኖች ናቸው። ሆኖም ሲያፍሩ በግንባራቸው ላይ እንቁላል የሚያህል የላብ ጠብታ ይወርዳል፤ ሲናደዱ ጭንቅላታቸው ያብጣል። ይህ ሁሉ የጃፓን ሠዓሊዎች ልማድ ነው። የመክፈቻውን ዘፈን የሚዘፍኑት አሚ ኦኑኪና ዩሚ ዮሺሙራ የተባሉ፣ ከ1996 ጀምሮ በአገራቸው ስመ ጥር የሆኑ ሁለት ጃፓናውያን ሴቶች ናቸው። በጃፓን «ፓፊ» ይባላሉ፤ በአሜሪካ ግን ከአንድ የራፕ ዘፋኝ ቅጽል ስም ጋር እንዳይምታታባቸው «ፓፊ አሚዩሚ» ተባሉ። ዘፈኑ አንዳንድ ቀን በእንግሊዝኛ፣ አንዳንድ ቀን በጃፓንኛ ነው። ልጄ፣ በጃፓንኛ ሲዘፈን የዕለቱ ታሪክ ቀልድ ነው ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። ቃሉን ሳታውቅ ምልክቱን አውቃለች።

በዚያው በኅዳር ወር ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ራሳቸው «ሃይ ሃይ ፓፊ አሚዩሚ» በተባለ ካርቱን ባለታሪክ ሆነው ቀረቡ። ያሰበው ሳም ሬጂስተር የተባለ የካርቱን ኔትዎርክ ኃላፊ ነው። ዘፋኞቹ በመጀመሪያና በመጨረሻ በአካል ብቅ ይላሉ፤ በመካከሉ በሥዕሎቹ አፍ የሚናገሩት ግን አሜሪካውያት ተዋንያን ናቸው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ደስ አይለኝም።

ሥራዬ በትንሽ የመስታወት ክፍል ተቀምጦ መኪና መጠበቅ ስለሆነ ለንባብ ይመቻል። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ስለ ካርቱን የተጻፉ መጻሕፍት መዋስ ጀመርኩ። ልጄን ወሰደብኝ ያልኩት ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግሁ። ስከታተለው ግን መነሻውን መያዝ አቃተኝ። ኦሳሙ ቴዙካ የተባለው ጃፓናዊ የዲስኒን «ባምቢ» ደጋግሞ ያየ ሠዓሊ ነው። እኔ የጃፓን ጉድ እያልኩ ስኮንናቸው የነበሩትን ትልልቅ ዓይኖች የወሰደው ከአሜሪካ ካርቱን ነው። «አስትሮ ቦይ» የተባለው ሥራው በጃፓን ቴሌቪዥን በጃንዋሪ 1963 ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለአሜሪካ ልጆች ታየ። የልጄ የጃፓንኛ ዘፈን ዜማ እንኳ አንዲ ስተርመር የተባለ አሜሪካዊ የደረሰው ሆኖ ተገኘ።

በጣም የገረመኝ የአሠራሩ ነገር ነው። አንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ምስል ይፈጃል። ዲስኒ ለዚህ 24 ወይም 12 ሥዕል ሲያሠራ፣ ገንዘብ ያጠራቸው የቴዙካ ሠራተኞች አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እያነሡ በ8፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይጨርሱታል። ሰውዬው እንደቆመ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ የሮጠበት ሥዕል ተቀምጦ ለሌላ ቀን ሩጫ ያገለግላል። የትናንቱን ወጥ አቅጥና ለዛሬ የምታደርስ እናት ይህን ዘዴ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከዚያ ወዲህ በፊልሙ መጨረሻ በፍጥነት የሚያልፉትን ስሞች ማንበብ ለመድኩ። የዲስኒው «ዳክ ቴልስ» እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀምር ሥዕሎቹ የተሣሉት በጃፓን ነበር፤ የ«ቲን ታይታንስ» ሥዕሎች ደግሞ በደቡብ ኮሪያ። ሌሊት ተጎንብሰው ከሚሥሉት መካከል ልጅዋን ለማን ትታ እንደመጣች የምታስብ እናት አትጠፋም እያልኩ መኪናዬን እጠብቃለሁ።

ቴሌቪዥኑን አላወጣሁትም። ነገሩን የለወጠው የእኔ ንባብ አልነበረም፤ የእናቴ መሰላቸት ነው። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ስታጣ ከልጅቱ ጎን ተቀምጣ ማየት ጀመረች። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ፣ «አሁን ምን አለች? ያኛዋ ለምን ተቆጣች?» እያለች ትጠይቃለች። ልጄም በግድ በአማርኛ ታስረዳለች። «አያቴ፣ እሷ ተናደደ» ስትል እናቴ «ተናደደች በይ» ትላታለች። የዘፋኞቹን አስተዳዳሪ ካዝን እናቴ ፈጽሞ አልወደደችውም። «ልጆቹን እያስለፋ ገንዘቡን እሱ ይቆጥራል!» እያለች በስክሪኑ ላይ ትቆጣ ነበር።

አማርኛዋ ተቃና ብዬ አልዋሽም። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ልጄ አሁንም ወንድና ሴት ታምታታለች። የእነዚያ ዓመታት ከሰዓት በኋላዎችም ትዝ ሲሉኝ ሆዴን ይበላኛል።

እናቴ ከስድስት ወር በኋላ ስትመለስ ልጅቱ አንድ ሥዕል ሰጠቻት። ነጠላ የለበሱ አያት ናቸው፤ ዓይናቸው ግማሽ ፊታቸውን ይዟል፤ በግንባራቸው ላይ ትልቅ የላብ ጠብታ አለ። እናቴ መነጽርዋን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ መቼ ነው ዓይኔን እንዲህ ያፈጠጥኩት?» አለችና ከፓስፖርትዋ ጋር አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችው።