ሐዲድ በሌለበት ከተማ ጣቢያ ስንሠራ

ከቡታጅራ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቆሼ፣ የማረቆ በርበሬ የሚሸመትባት ከተማ እንጂ የባቡር ፉጨት የተሰማባት ስፍራ አይደለችም። በዚህች ከተማ ብዙ ዘመን ስናስተምር ስለ ባቡር ጣቢያ አሠራር እንጨነቃለን ብለን አላሰብንም ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪያችን የኮምፕዩተር ጨዋታ አሳየን። ይኸውም ስኮትላንዳዊው ክሪስ ሶየር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን «ትራንስፖርት ታይኩን» ተከትለው ሌሎች የሠሩት፣ ዛሬ ያለ ዋጋ የሚገኘው «ኦፕን ቲ ቲ ዲ» ነው። በጨዋታው ከተሞችን በፈለጉት ስም መሰየም ስለሚቻል፣ ቡታጅራን፣ ቆሼንና ዝዋይን ሰይመን በሐዲድ አገናኘናቸው። ጨዋታው በርበሬ የሚባል ጭነት ስለማያውቅም «እህል» በሚለው ስም በርበሬያችንን ጫንን።

የመጀመሪያው የቆሼ ጣቢያችን ባቡሩ በገባበት አፍ ተመልሶ የሚወጣበት፣ ሁለት መቆሚያ ያለው ጣቢያ ነበር። ባቡሮቹ ሦስት ሳሉ ሥራው አማረልን፤ ዐሥር በሆኑ ጊዜ ግን ሰልፉ እስከ ዋናው መስመር ደርሶ፣ ቆሼ ላይ ጉዳይ የሌላቸውን ባቡሮች ሳይቀር አስቆመ። መፍትሔው መቆሚያ ማብዛት ነው ብለን ስድስት አደረግነው፤ ሰልፉ ግን ፈቅ አላለም። ተማሪያችን ጥቂት ተመልክቶ፣ «መምህር፣ ቤቱን አሰፉት እንጂ በሩን አላሰፉትም» አለን። እውነቱን ነበር። የሚወጣው ባቡር የሚገባውን መንገድ እያቋረጠ ስለሚያልፍ፣ መቆሚያው ባዶ ሆኖ ሳለ ሌላው በደጅ ይቆማል። ስለዚህ ባቡሩ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን እንዲወጣ አደረግን፤ ከመግቢያው በፊትም አንድ ባቡር ከነፉርጎው የሚቆምበት የመጠበቂያ ሐዲድ ዘርግተን ምልክት አቆምንበት። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ሲጠብቅ፣ የሚያልፈው ያልፍ ጀመር።

ይህ የጨዋታ ብቻ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ምድር ባቡር ባለ አንድ መስመር ስለ ነበር፣ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ሁለቱ መስመሮቹ በለገሃር በኩል በጋራ ሐዲድ እንዲያልፉ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ በዚያ ክፍል አንዱ ቢዘገይ ሌላውም መጠበቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ደግሞ መንገደኛውን የሚቀበለው ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ላይ ነው፤ ለባቡሩ የቀለለው ቦታ ከመንገደኛው ሌላ መኪና ይጠይቃል።

የመንገደኛው ነገር ለእኛ የገባን ግን ዘግይቶ ነው። ጨዋታው ለባቡሩ «ሳትሞላ አትነሣ» የሚል ትእዛዝ መስጠት ይፈቅዳል፤ ባቡሩ ቆሞ እስከጠበቀ ድረስም ለጣቢያው መልካም ማዕረግ ይሰጠዋል። እኛም ትእዛዙን ሰጥተን፣ ገቢያችን ሲጨምር አይተን፣ በብልሃታችን ተደስተን ተኛን።

በማግስቱ ወደ ቡታጅራ ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ከጎናችን አንዲት እናት አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ቡታጅራ ታመው ተኝተዋል፤ በርበሬው ተሸጦ መድኃኒት ሊገዛበት ነው። ረዳቱ «ሁለት ሰው ቀረ» ይላል፤ ሁለት ሲገባ ሁለት ይወርዳል። እንዲህ ሆነን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየን። እናቲቱም፣ «ልጄ፣ እንዲያው ገበያው ሳይበተን እንደርስ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። «እንደርሳለን፣ እማማ» ብንላቸውም ስንደርስ ገበያው ተበትኖ ነበር። በርበሬውን አንድ ደላላ በጠራው ዋጋ ለቀቁለት። ትናንት ማታ እኛ ራሳችን ያንኑ ትእዛዝ ሰጥተን መደሰታችን ትዝ ሲለን ዐፈርን።

እንግዲህ ነገ ጣቢያና መናኸሪያ ለሚነድፉ ወጣቶች የምንለው ይህ ነው። መግቢያውን ከመውጫው ለዩ፤ የሚጠብቀው የሚያልፈውን እንዳይዘጋ አድርጉ፤ የሥራውን ውጤት ስትለኩም ከገቢው ጋር ተቀምጦ የሚጠብቀውን ሰው ሰዓት ቍጠሩ።

ያን ዕለት ማታ ትእዛዙን ሻርን፤ ባቡሮቻችን ሞሉም አልሞሉም በሰዓታቸው ይነሡ ጀመር። ተማሪያችን ይህን አይቶ፣ «መምህር፣ ይህ ኪሳራ ነው» አለን። ምክንያቱን ብንነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፣ «እንግዲያውስ ፉርጎውን እንቀንስና ባቡሩን እናመላልሰው» ብሎ ወንበሩን ወደ ኮምፕዩተሩ አስጠጋ።